ድፍን ቁጥር

እኛ ኢትዮጵያውያን ከሌላው አፍሪካዊ ጋር በተገናኘን ቁጥር ከአፋችን የማትጠፋ አንዲት ዓረፍተ ነገር አለችን። «እኛኮ በቅኝ አልተገዛንም!» እንላለን። አነጋገራችን ሎተሪ የወጣለት ሰው አነጋገር ነው። ኬንያዊው ፈገግ ብሎ ያዳምጠናል፤ ናሚቢያዊው ራሱን ይነቀንቃል፤ እኛም ደረታችንን ነፍተን ወደ ቡናችን እንመለሳለን።

ዓረፍተ ነገሯ ሐሰት ናት አልልም። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የሆነው ሆኗል። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ያለፉት አምስት ዓመታትም ቢሆኑ የወረራ ዓመታት እንጂ ጣልያን ተደላድሎ አገር የገዛባቸው አልነበሩም። በተለይ የእኛ ጎጃም በ1930 ዓ.ም. ከተነሣ ወዲያ ጣልያን ከምሽጉ ወጣ ብሎ እንቅልፍ አልተኛም። ይህን ሁሉ አምናለሁ፤ እኮራበታለሁም። ነገር ግን ይህች የኩራት ዓረፍተ ነገር ያስከፈለችን ዋጋ አለ ባይ ነኝ። ኩራት አንዳንዴ ቁስልን ይሸፍናል። የተሸፈነ ቁስል ደግሞ ዳነ ማለት አይደለም።

ነገሩን ከማውቀው ቦታ ልጀምረው። ያደግሁት ጫግኒ ነው። ጫግኒ ከእንጅባራ ወደ ምዕራብ ሲወርዱ የምትገኝ፣ ደጋና ቆላ የሚጨባበጡባት ከተማ ነች። በአንድ ገበያ ውስጥ አገውኛም፣ አማርኛም፣ ሺናሽኛም፣ ጉምዝኛም ይሰማል። ዛሬ በአዊ ዞን ውስጥ ያለች ስትሆን፣ ቀድሞ የመተከል አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች። በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ፣ ሰፈራችን ውስጥ አንዲት እማሆይ ነበሩ። አባታቸው በራስ እምሩ ክተት ወደ ሰሜን ሲዘምት እርሳቸው ገና ጡት አልጣሉም ነበር። አባት በዚያው ቀረ። መቃብር የለ፣ መርዶ የለ፣ ቁርጡን የሚናገር ሰው የለ።

አንድ ቀን የታሪክ መጽሐፍ ይዤ ሲያዩኝ ጠሩኝ።

«ልጄ፣ የራስ እምሩ ዘመቻ እዚያ ውስጥ አለ ይሉኛል። እውነት ነው?»

«አለ፣ እማሆይ።»

«የአባቴስ ስም ይኖር ይሆን?»

መጽሐፉ የራሶችንና የደጃዝማቾችን ስም እንጂ የተራውን ወታደር እንደማይጽፍ ነገርኳቸው። እማሆይ ጥቂት አሰቡና፣ «ታዲያ ሌላው ሰው ምን ሊሆን ሄደ?» አሉኝ። ይህች ጥያቄ ይኸው እስከ ዛሬ ታባንነኛለች።

ለመሆኑ ያ ሠራዊት ምን ደረሰበት? ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ከ1924 ዓ.ም. ጀምሮ የጎጃም ገዥ ነበሩ። ጣልያን በ1928 ዓ.ም. መባቻ ወሰን ጥሶ ሲገባ፣ የጎጃምን ሠራዊት አስከትለው በእግር ወደ ሽሬ ዘመቱ። ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ተከዜን ተሻግረው ደምበጊና ላይ የጠላትን ታንኮች ማረኩ። የባላገር ጦር ታንክ ማረከ! ከዚያ በኋላ ግን የሰማዩ ነገር መጣ። ራስ እምሩ ራሳቸው ከጦርነቱ በኋላ ለጣልያናዊው ጸሐፊ ለአንጄሎ ዴል ቦካ እንዳወሩት፣ በዚያው በታኅሣሥ ወር አውሮፕላኖች መጥተው የጣሉት የለመዱትን ቦምብ አልነበረም። መሬት ሲነካ የሚፈርጥ፣ ፈሳሽ የሚረጭ በርሜል መሰል ነገር ነው። ፈሳሹ የነካው ሁሉ ገላው ፊኛ አወጣ። ሰዉ በባዶ እግሩ ነበር፤ መሬቱም ሣሩም ውኃውም መርዝ ሆነበት። ራስ እምሩ በዚያን ቀን ለጮኸው ወታደራቸው የሚሰጡት መልስ አልነበራቸውም፤ መርዝ የሚያዘንብን ሰው በምን ይዋጉታል? በየካቲት 1928 ዓ.ም. የሽሬ ጦርነት ተሸንፎ ሠራዊቱ ሲመለስ፣ ያው መርዝና እሳት ተከዜ መሻገሪያ ላይ እንደገና ጠበቀው።

ልብ በሉ። ጣልያን እንዲህ ያለውን ጋዝ በጦርነት ላለመጠቀም እ.ኤ.አ. በ1925 ጄኔቫ ላይ ከተፈራረሙት አገሮች አንዷ ነበረች። ነገሩን ለስድሳ ዓመታት ስትክድ ኖራ፣ የመከላከያ ሚኒስትሯ በይፋ ያመኑት በ1988 ዓ.ም. ነው። የእማሆይ አባት እዚያ ጋዝ ውስጥ ይሁን፣ ጥይት ውስጥ ይሁን፣ ረኀብ ውስጥ ይሁን፣ የጻፈ የለም።

እዚህ ላይ ወደ ቁጥር ልግባ። የኢትዮጵያ መንግሥት ከድል በኋላ፣ በ1938 ዓ.ም. ገደማ፣ ለፓሪስ የሰላም ጉባኤ የጉዳት ዝርዝር አቅርቦ ነበር። በጦር ሜዳ የሞቱ 275,000። በአርበኝነት ሲዋጉ የወደቁ 78,500። በአውሮፕላን ድብደባ ያለቁ ሴቶች፣ ሕፃናትና ሌሎች 17,800። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ 30,000። በእስር ካምፕ 35,000። በችሎት ስም የተገደሉ አርበኞች 24,000። መንደራቸው ተቃጥሎ በችግር ያለቁ 300,000። ሲደመር 760,300።

እነዚህን ቁጥሮች አንድ በአንድ ተመልከቷቸው። ሁሉም መጨረሻቸው ዜሮ ነው። ሁሉም ድፍን ናቸው። በዚያ አስቸጋሪ ዘመን ይህን ያህል ያሰባሰበውን መንግሥት ልወቅስ አይደለም። ቁጥሩ ለክስና ለካሣ የቀረበ ስለሆነ ሥራውን ሠርቷል። ግን ድፍን ቁጥር ውስጥ ሰው የለም። ከሰባት መቶ ስድሳ ሺህ ሦስት መቶው አንዱ የእማሆይ አባት ነው ብዬ ብነግራቸው ኖሮ ምን ይጠቅማቸው ነበር?

የሚገርመው፣ ገዳዩ ግን በድፍን ቁጥር አልጻፈም። ግራዚያኒ በግንቦት 1929 ዓ.ም. የደብረ ሊባኖስን መነኮሳት ካስፈጀ በኋላ ለአለቆቹ በቴሌግራም የላከው ሒሳብ አለ። 297 መነኮሳት፣ 23 ሌሎች ሰዎች፣ ቆየት ብሎ ደግሞ 129 ዲያቆናት ይላል። በድምሩ 449። እርግጥ ቁጥሩ አሳንሶ የተናገረው ነው። ኢያን ካምቤልና ደግፌ ገብረ ጻድቅ ያካሄዱት ጥናት የሟቾቹ ቁጥር ከአንድ ሺህ በላይ መሆኑን አሳይቷል። ቢሆንም ነገሩ ያመኛል። ገዳይ እስከ አንድ ሰው ድረስ ቆጥሮ ደረሰኝ ሲጽፍ፣ የሟች ወገን በድፍኑ ያለቅሳል።

በእኛው ሰፈር ከሆነው ደግሞ አንድ ልጨምር። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ኦሜድላ ላይ የሱዳንን ወሰን ተሻግረው በበላያ ተራራ በኩል ወደ ቡሬ ሲያመሩ፣ የዊንጌት ጦር ስንቅና መሣሪያ የጫኑ ወደ 15 ሺህ የሚሆኑ ግመሎች አስከትሎ ነበር። ግመሎቹ ዳገቱን አልቻሉትም፤ በየመንገዱ አለቁ። አዲስ አበባ የደረሱት 53 ብቻ እንደነበሩ እንግሊዞቹ ጽፈዋል። ሃምሳ ሦስት! ግመል በጎደሎ ቁጥር ተቆጥሮ ተጽፏል። ያንን ጦር እየመሩ ቆላውን ያሻገሩት፣ ውኃ ያለበትን ያሳዩት፣ ሸክም የተሸከሙት ጉምዞች፣ አገዎችና አማሮች ግን በግመሎቹ ልክ እንኳ አልተቆጠሩም።

አሁን ወደ «ተገዝተናል» ባዮቹ ወንድሞቻችን እንሂድ። በኬንያ የማው ማው አርበኞችን እንግሊዞች በ1940ዎቹ በካምፕ አጉረው ገርፈዋቸዋል፣ ሰልበዋቸዋል። ሽማግሌዎቹ ዝም አላሉም። ለንደን ድረስ ሄደው ከሰሱ። ክሱ ሲገፋ፣ የእንግሊዝ መንግሥት ሐንስሎፕ ፓርክ በሚባል ቦታ ለሃምሳ ዓመት ያህል ደብቆ ያኖራቸው የቅኝ ግዛት መዛግብት ወጡ። በ2005 ዓ.ም. እንግሊዝ ጸጸቷን ገልጻ 19.9 ሚሊዮን ፓውንድ ለመክፈል ተስማማች። ለስንት ሰው? ለ5,228 ሰው። አምስት ሺህ ሁለት መቶ አላሉም፤ ሃያ ስምንቱን ጨምረዋል። እያንዳንዱ ስም አለው፤ እያንዳንዱ ጠባሳውን አሳይቷል። ናሚቢያም ዝም አላለችም፤ ጀርመን ከ1904 እስከ 1908 እ.ኤ.አ. በሄሬሮና በናማ ሕዝብ ላይ የፈጸመችው የዘር ማጥፋት መሆኑን በ2013 ዓ.ም. አምናለች። ጣልያን ራሷ ከሊቢያ ጋር በነሐሴ 2000 ዓ.ም. ተፈራርማ 5 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ቃል ገብታለች።

እኛስ? በ1948 ዓ.ም. በተደረገ ስምምነት ከጣልያን በተገኘ ካሣ የቆቃ ግድብ ተሠራ። በ1997 ዓ.ም. የአክሱም ሐውልት ተመለሰ። በጦር ወንጀል የከሰስናቸው የጣልያን ሹማምንት አንዳቸውም ስለ ኢትዮጵያ ችሎት ፊት አልቆሙም። ግራዚያኒ በ1942 ዓ.ም. 19 ዓመት የተፈረደበት ከጀርመኖች ጋር ስለ ተባበረ ነው፤ እሱንም በወራት ውስጥ ተፈታ። በ2004 ዓ.ም. አፊሌ በምትባል ከተማ መታሰቢያ ቆመለት። ለእርሱ መታሰቢያ ሲቆም እኛ ምን እያልን ነበር? «እኛኮ በቅኝ አልተገዛንም!»

ያልተገዛ ሰው የሚከስሰው የለውም። ዋጋዋ እዚህ ላይ ነው፣ የዚያች ዓረፍተ ነገር።

ሁለተኛ ዋጋም አላት። ቅኝ ግዛት የሌላ አገር ታሪክ ነው ብለን ስለምናስብ፣ በጓሯችን ያለውን አናይም። ከጫግኒ ብዙም የማትርቀው ዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስላ ነበረባት። ሜጀር ቺዝማን የተባሉ ቆንስል እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 ተቀምጠውባታል። እንግሊዝ ዳንግላ ድረስ የመጣችው የዳንግላን ማር ወድዳ አልነበረም። ዓይኗ ጣናና ዓባይ ላይ ነበር። ቺዝማንም ጣናን ዞረው፣ የዓባይን ሸለቆ ተከትለው ካርታ አንሥተዋል። በታኅሣሥ 1918 ዓ.ም. እንግሊዝና ጣልያን እኛን ሳይጠይቁ ደብዳቤ ተለዋወጡ። እንግሊዝ ጣና ላይ ግድብ እንድትሠራ ጣልያን ትደግፋለች፤ ጣልያን ከኤርትራ ሶማሊያ የሚደርስ ባቡር እንድትዘረጋ እንግሊዝ ትደግፋለች ተባባሉ። ራስ ተፈሪ ለመንግሥታቱ ማኅበር አቤት ባይሉ ኖሮ ነገሩ በዝምታ ያልፍ ነበር።

ከዚያም በፊት የግንቦት 1894 ዓ.ም. ውል አለ። ዳግማዊ ምኒልክና የእንግሊዙ ወኪል ሐሪንግተን ሱዳንንና ኢትዮጵያን የሚለይ ወሰን ተዋዋሉ፤ ሜጀር ጉዊን የተባለ መኮንንም በዓመቱ መሬት ላይ ምልክት አደረገ። መስመሩ የጉምዝን ሕዝብ ከሁለት ከፈለ፤ ወንድም ከወንድሙ ተለያየ። በዚያው ውል ውስጥ ከእንግሊዝና ከሱዳን መንግሥት ጋር ሳይስማሙ በዓባይ፣ በጣናና በሶባት ላይ ውኃውን የሚያቆም ሥራ ላለመሥራት የሚል አንቀጽ አለ። እንግሊዝ ከሱዳን ወጣች፤ ወረቀቷ ግን አልወጣም። ሲሚንቶና ብረት የጫኑ መኪኖች በጫግኒ እያለፉ ወደ ጉባ ሲወርዱ፣ ግብፅ ያንኑ ወረቀት እየጠቀሰች ትከራከር ነበር። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የተጀመረው የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ያልተገዛች የምትባል አገር፣ በገዛ ውኃዋ ላይ ከቅኝ ገዢ ወረቀት ጋር መቶ ዓመት በላይ ታግላለች። ይህ የቅኝ ግዛት ቅርስ ካልሆነ ቅርስ ምንድን ነው?

ቅርሱ አፋችን ውስጥም አለ። ጫግኒ ካለ ጋራዥ ጎራ ብትሉ፣ ወጣቱ መካኒክ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን እያለ ይሠራል፤ መኪናውን ላቫጆ ወስዶ ያሳጥባል። የጣልያን ቃል መሆኑን አያውቅም፤ ባያውቅም ጉዳት የለው። ጉዳት ያለው «ባንዳ» የምትለዋ ነች። ጣልያን ከአገሩ ሰው መልምሎ ያስታጠቀውን ጦር የሚጠራበት ቃል ነበር። ጣልያን ከሄደ ሰማንያ ዓመት አልፎት፣ ዛሬ ጎረቤት ጎረቤቱን በሐሳብ በተለየው ቁጥር «ባንዳ» ይለዋል። ጌታው ሄዶ ስድቡን አውርሶናል።

እዚህ ላይ ስለ ራሳችን ዝም ብል እውነቱን አጓድላለሁ። ጣልያን በ1927 ዓ.ም. መጨረሻ ኢትዮጵያን በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ስትከስስ ትልቁ ማስረጃዋ የባሪያ ንግድ ነበር። ክሱ ለወረራ የተዘጋጀ ሰበብ ነው፤ ባርነትን ልታጠፋ የመጣች አገር ዳናኔንና ኖክራን የመሰሉ የሥቃይ ካምፖች አትከፍትም። ሰበቡ ግን ከእውነት ተቆርጦ የተሠራ ነበር። ከእኛ ደጋ እየወረደ ጉምዙን ከነልጁ የሚፈነግል ነበር። የቅኝ ገዢን ግፍ የሚቆጥር ሰው ይህንንም አብሮ መቁጠር አለበት። የራሱን ያልቆጠረ የሌላውን ቢቆጥር ማን ያምነዋል?

ይህን ሁሉ የምለው ስላለፈው ብቻ አይደለም። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በመተከል በተከታታይ የተፈጸመው ግድያ አማራውንም፣ አገውንም፣ ሺናሻውንም፣ ኦሮሞውንም፣ ጉምዙንም በልቷል። በ2013 ዓ.ም. ሸሽተው የመጡ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ጫግኒ፣ ራንች በተባለው ሥፍራ ድንኳን ውስጥ ተጠልለው ነበር። ይህን መከራ በጣልያንና በእንግሊዝ ላይ መለጠፍ ቀላል ነው፤ ሐሰትም ነው። እጃችን አለበት። ግን ዜናው ሲነገር ልብ ብላችሁ ከሆነ፣ «ከመቶ በላይ»፣ «ከሁለት መቶ በላይ» ነበር የሚባለው። አሁንም ድፍን ቁጥር። ሰውን በጎሣው ስም ጠርቶ በድፍን ቁጥር መቅበር፣ ያ ነው ከቅኝ ገዢ የተማርነው ክፉ ልማድ። ለእርሱ እኛ ስም አልነበረንም፤ «አገሬው» ነበርን። አሁን ደግሞ እርስ በርሳችን ስም አልባ ሆነናል።

ታዲያ ምን ይደረግ? እኔ ትልቅ መፍትሔ ይዤ አልመጣሁም። አንድ ትንሽ ነገር ብቻ አውቃለሁ፤ የተማርኩትም ከእማሆይ ነው። መጽሐፉ የአባታቸውን ስም እንደማይጽፍ በነገርኳቸው ጊዜ አልተቆጡም። «ግድ የለም፣ ቄሱ ስሙን ይጠይቁኛል» አሉኝ። በየዓመቱ ለአባታቸው ጸሎት ሲያስደርጉ፣ የክርስትና ስሙን ለቄሱ ይነግሩ ነበር። ቤተ ክርስቲያን «ለሰባት መቶ ስድሳ ሺህ» ብላ ፍትሐት አታደርስም። ስም ትጠይቃለች። መስጊዱም እንደዚሁ ነው፤ ሟች በስሙ ይጠራል። የጉምዝ ሽማግሌም የጎሣውን ሟች በድፍኑ አያለቅስም።

ስም የሚጽፍ ዕድር በየሰፈሩ አለን። በአዊ ደግሞ በ1932 ዓ.ም.፣ ጠላት ገና ሳይወጣ፣ እንደ ተመሠረተ የሚነገርለት የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር አለ። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በፈረስ ወጥቶ የዓድዋን ጀግኖች ያስባል። ፈረሱን እንኳ የማይረሳ ሕዝብ ሰውን መመዝገብ እንዴት ያቅተዋል? በየቤቱ ገና ያልሞተ ስም አለ። አያቱ በአምስቱ ዓመት የቀረ፣ ቅድመ አያቱ በበላያ መንገድ ሸክም ተሸክሞ የወደቀ፣ አክስቱ በፍንገላ የተወሰደች፣ ወንድሙ ትናንት መተከል ላይ የተገደለ። አንድ ደብተር፣ አንድ እስክሪፕቶ፣ አንድ የሚጠይቅ ልጅ ይበቃል። ስሙን፣ መንደሩን፣ የሄደበትን ዓመት። መንግሥት እስኪያዝ፣ ፕሮፌሰር እስኪመጣ መጠበቅ የለብንም። ሽማግሌዎቹ አይጠብቁንምና።

ያኔ ከኬንያዊው ወንድማችን ጋር ስንገናኝ የምንለው ሌላ ነገር ይኖረናል። «አልተገዛንም» ማለታችን አይቀርም፤ እውነት ነውና። ግን ደብተራችንን ከፍተን፣ «ይህን ያህል ሰው ሞቶብናል፤ ስማቸውም ይኸውላችሁ» እንላለን። የመጨረሻውም ቁጥር ዜሮ አይሆንም።